ደብተሩ ሲዘጋ ምን ይቀራል?

ደሴ ላይ ሰኔ ሲቃረብ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበትን ቤት ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ ብላችሁ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ብታዩ፣ ከተማው ሁሉ ተኝቶ አንዳንድ መስኮት ብቻ በርቶ ታገኛላችሁ። እዚያ ነው።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አምና ከነዚህ ባለመስኮቶች አንዷ፣ ጎረቤቴ፣ በር ላይ አስቁመውኝ “መምህር፣ ይቺ ልጅ አለቀችብኝ፤ እህል አትቀምስ፣ አትተኛ። እስቲ ገብተው አንድ ነገር በሏት” አሉኝ። ገባሁ። ቡናው ቀርቧል፤ ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። ደብተሩ በሃይላይተር ቢጫና ሮዝ ተቀብቶ ያልተቀባ መስመር የቀረው አይመስልም።

“ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አነበብሽው?”

“ስድስቴ።”

“እስቲ ዝጊውና ንገሪኝ።”

ዘጋችው። ፎቶሲንተሲስ ሁለት ደረጃዎች እንዳሉት ነገረችኝና ቆመች። ጠበቅኳት። “ጋሼ፣ አውቀዋለሁ እኮ፤ ግን አልመጣ አለኝ” አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ ጀበናውን አስቀምጠው “አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያውቅልሻል” አሏት።

አብሽር ወሎዬ ለሁሉም ነገር የሚያወጣው ቃል ነው፤ ለለቅሶም፣ ለክረምቱ መዘግየትም፣ ለፈተናም። እወደዋለሁ። ያን ምሽት ግን ለልጅቷ አልደረሰላትም፤ ምክንያቱም ጭንቀቷ መሠረት ነበረው። ስድስት ጊዜ ያነበበችው ነገር እንዳልያዘላት ውስጧ አውቆታል። እኛ የአጠናንን ጉዳይ ለመምህር፣ የጭንቀትን ጉዳይ ለመካሪና ለጸሎት እናካፍላለን። ስለ መማር የተደረጉ ምርምሮችን ለተከታተለ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ቋጠሮ ናቸው፤ የሚፈታውም ከአጠናኑ በኩል ሲጀመር ነው። ላብራራ።

አራት ሲኒ የሚይዝ ረከቦት

ፈተና ሲታሰብ ልብ የሚመታው፣ መዳፍ የሚያልበው፣ ሆድ የሚላወሰው ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ስለሚለቁ ነው። ሰውነት ጅብ ያየ ነው የሚመስለው። ይህ በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፤ ጨርሶ የማይጨነቅ ተማሪ መጽሐፉንም አይገልጥ። በ1908 (የውጭ ጥናቶችን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እየቆነጠጡ መንገድ ሲያስመርጧቸው፣ ምርጫው ከባድ በሆነ ጊዜ ቶሎ የተማሩት በጣም የተቆነጠጡት ሳይሆኑ በመጠኑ የተነኩት ነበሩ። ልጁን እየገረፈ ሒሳብ የሚያስጠና አባት ይህችን ቢያውቃት ጥሩ ነበር።

ከዚያ በ1967 ሊበርትና ሞሪስ የፈተናን ጭንቀት ለሁለት ከፈሉት። አንዱ የሰውነት ነው፦ ልብ ምቱ፣ ላቡ። ሌላው የሐሳብ ነው፦ “ብወድቅስ? ምን እላቸዋለሁ?” የሚለው። ውጤትን ይበልጥ ሲጎዳ የተገኘው ሁለተኛው ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ረከቦትን አስቡ። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያገላብጠው ነገር ጥቂት ነው፤ ኔልሰን ካዋን የተባለ ተመራማሪ በ2001 ባወጣው ዳሰሳ አራት ገደማ ብሎታል። አራት ሲኒ ብቻ የሚይዝ ረከቦት ማለት ነው። አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ስትሠሩ የተሰጠው ቁጥር አንዱን ሲኒ ይይዛል፣ ቀመሩ ሌላውን፣ የሚፈለገው ነገር ሌላውን። እዚህ መሐል “ብወድቅስ?” መጥታ ቁጭ ትላለች። “እናቴስ?” ትከተላለች። ለፊዚክሱ የቀረው ሁለት ሲኒ ነው። ልጁ ቤቱ ሲገባ ያንኑ ጥያቄ ሠርቶት “እንዴት ጠፋኝ!” እያለ ራሱን የሚመታው ለዚህ ነው። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ ማስቀመጫው ነው የተያዘበት።

“አትጨነቂ” የሚለው ምክር ደግሞ ባለማወቅ ሦስተኛዋን ሲኒ ይዞ ይገባል። አሁን መጨነቋም ያስጨንቃታል።

የማወቅ ስሜትና ማወቅ

ወደ ስድስቱ ንባብ ልመለስ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና።

በ2006 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንድ አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ሰጧቸው። የመጀመሪያው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉ ተወስዶበት፣ ነጭ ወረቀት ላይ ያስታወሰውን ሁሉ እንዲጽፍ ተደረገ። ስህተቱን እንኳ ማንም አላረመለትም።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከጽሑፉ ሐሳቦች 83 በመቶውን አስታወሱ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ሲታገሉ የቆዩት 71 በመቶውን። እስከዚህ ድረስ የእኔዋ ልጅ ትክክል ናት። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ደጋግመው ካነበቡት ዘንድ የቀረው 40 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ከታገሉት ዘንድ 61 በመቶ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፦ ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ፣ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ንባብ ያታልላል። ሁለተኛ ስታነቡት ይቀላል፣ ሦስተኛ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትቀድሙታላችሁ፣ ስድስተኛ ላይ ደብተሩ እንደ ሰፈር ልጅ ይሆናል። አእምሮ ይህን ቅለት “አወቅሁት” ብሎ ይተረጉመዋል። ፒያሳ ላይ የሚያውቁት ፊት ሲገጥም እንደማለት ነው። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፣ “እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደህና?” ይባላል፤ ስሙን ጥራ ቢባል ግን የለም። መልክን መለየትና ስም መጥራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ንባብ መልክ ያስለያል፤ ፈተና ስም ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያነሱት ክርክር አለ፦ “ማትሪክ ምርጫ ነው እኮ፤ መልሱን ማየት ከቻልኩ መለየት ይበቃኛል።” ብልህ ክርክር ነው፤ ግን ፈተና አውጪውም ያውቀዋል። አራቱም ምርጫዎች ከዚያው ምዕራፍ የወጡ፣ ሁሉም መልካቸው የሚታወቅ ናቸው። መልክ ብቻ ለያዘ ተማሪ አራት ዘመድ በአንድ ጊዜ በሩን ያንኳኳበታል።

በ2013 ደንሎስኪ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን አሥር የአጠናን ዘዴዎች ከተደረጉት ምርምሮች አንጻር መዝኖ ነበር። ደጋግሞ ማንበብና በቀለም ማስመር ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተርታ ተመደቡ። ከሁሉም በላይ የወጡት ሁለት ናቸው፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት መከፋፈል። ሃይላይተር ሻጮች ይቅር ይበሉኝ።

ሉሁ ከታጠበ በኋላ

ይህን ሁሉ ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ነገር ቢኖር ወሎ ይህን ነገር ያውቀው እንደነበር ነው።

ደረሳ ቁርአን ሲቀራ ተመልከቱ። ትምህርቱን ከእንጨት በተሠራ ሉህ ላይ ይጽፋል፣ ይዞት ይውላል፣ በሸኹ ፊት ተቀምጦ ያሰማል። ካለፈ በኋላ ሉሁ ይታጠባል። ያ የተጻፈው በውኃ ሄዷል፤ ከዚህ በኋላ ያለው በልጁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሃይላይተር የሚቀባበት ቦታ የለም። እነዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ በዕውቀታቸው ከሩቅ ሰው የሚጎርፍባቸው የወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ሲሆኑ፣ ደረሳው የሚመዘነው ከሸኹ ፊት በሚያወጣው ነበር።

በሌላው ወገን ደግሞ የቆሎ ተማሪው አለ። የቃል ትምህርት የሚባለው በአብዛኛው ሲመሽ ነው፤ መብራት የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ የኔታ ይላሉ ተማሪው ይከተላል፣ ከዚያ ተማሪው ብቻውን ይወጣዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲያስተምሩበት የነበረ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ብራና ብርቅ በነበረበት ዘመን ትምህርት ማለት ጨለማ ውስጥ ከራስ ማውጣት ነበር።

ይህን ስል ወደ ድሮው እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ አለንጋውን አውቀዋለሁ። ደግሞ በቃል መያዝ ሳይገባ ሲሆን ሽምደዳ ነው። የባዮሎጂ ክፍሌ ውስጥ “ኦስሞሲስ ምንድን ነው?” ስል በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያዛንፍ የሚወጣልኝ፣ “ታዲያ ጨው የበዛበት ቃሪያ ለምን ይጠወልጋል?” ስለው ግን የሚያፈጥብኝ ልጅ ሞልቷል። ለዚህም ቢሆን የድሮው ትምህርት ቤት መልስ ነበረው፦ ቅኔ ቤት። እዚያ የመምህሩን ቅኔ መድገም ብቻ አያሳልፍም፤ ተማሪው ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፣ አምጥቶ ያሰማል፣ ይታረማል። ከራስ ማውጣት፣ አዲስ ነገር መሥራት፣ መታረም። የዛሬ ተመራማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚያስሠሩት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ጭንቀት የማይነጥቀው

አሁን ቋጠሮው የሚፈታበት ቦታ ደረስን።

በ2016 በቦስተን አጠገብ በሚገኘው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ስሚዝ፣ ፍሎርክና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች 120 ሰዎች ላይ ሙከራ አደረጉ። ሠላሳ ቃላትና ሠላሳ ሥዕሎች አስጠኗቸው፤ ግማሾቹ በድጋሚ እያዩ፣ ግማሾቹ ሳያዩ ለማስታወስ እየታገሉ። በማግስቱ ከየቡድኑ ገሚሱን ሆን ብለው አስጨነቋቸው፦ ሳይዘጋጁ በሰው ፊት ንግግር አድርጉ፣ ሒሳብ በቃል ሥሩ እያሉ። ከዚያ ፈተኗቸው።

እያዩ ያጠኑት ሲጨነቁ ወደቁ፤ ሳይጨነቁ ከሠላሳው ዘጠኝ ገደማ ያስታወሱ የነበሩት፣ ሲጨነቁ ሰባት ገደማ ሆኑ። እየታገሉ ያጠኑት ግን ተጨንቀውም ሳይጨነቁም አሥርና አሥራ አንድ ገደማ ላይ ቆዩ። ልባቸው አልመታም ማለት አይደለም። የመጣው ኮርቲሶል ያጠኑትን መንጠቅ አልቻለም ማለት ነው።

ከዚህ በፊት የሚታወቀው ጭንቀት ትዝታን እንደሚያዳክም ነበርና ይህ ውጤት ብዙ ሰው አስደነቀ። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ አንድን ነገር ከራስ ባወጣችሁት ቁጥር ወደ እሱ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ትጠርጋላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረጃው አንድ አስፋልት ብቻ ከሆነ ጎርፍ ሲቆርጠው አለቀ፤ የእግር መንገዶቹን ለሚያውቅ ሰው ግን ይደረሳል።

በ2014 ደግሞ አጋርዋልና ባልደረቦቿ ክፍል ውስጥ በየጊዜው አጫጭር ጥያቄ ይጠየቁ የነበሩ 1,408 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሲጠይቁ፣ 72 በመቶዎቹ ለትልቁ ፈተና የነበራቸው ፍርሃት እንደቀነሰላቸው ተናገሩ። ተማሪዎቹ ስለ ራሳቸው የሰጡት ቃል ነውና በልኩ ይያዝ። ግን የሚያስኬድ ነው። መቶ ጊዜ የተጠየቀ ልጅ መቶ አንደኛው አያስደነግጠውም።

እንዴት ይሠራ?

ለጎረቤቴ ልጅ የነገርኳት ይህን ነው። አንድ ርዕስ አንዴ በጥሞና አንብቢ። ዝጊ። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ እንደመጣልሽ። ሲያልቅብሽ ወዲያው አትክፈቺ፤ ትንሽ ታገዪ፣ ትግሉ ነው ሥራው። ከዚያ ክፈቺና በሌላ ቀለም የጎደለውን ሙዪ፣ የተሳሳተውን አርሚ። ነገ የምትጀምሪው ከዚያ ከሌላው ቀለም ነው።

“መጀመሪያ በአማርኛ” ያልኩት የራሴ ፍርድ ነው። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቹ ቋንቋውንና ሳይንሱን በአንድ ረከቦት ተሸክመው ነው የሚገቡት። ለአያትሽ ልትነግሪያት ካልቻልሽ አልገባሽም። ከገባሽ በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል መለጠፍ ቀላል ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና መለጠፉም አይቀርም።

የመጀመሪያው ሳምንት ያስከፋል። ማንበብ ይጣፍጣል፣ ይህ ይመራል። ልጅቷም በሦስተኛው ቀን “ከበፊቱ የባሰ ደነዝሁ” ብላ መጣች። አልደነዘዘችም፤ ሳታውቀው የነበረውን ድንዛዜ ገና ማየቷ ነው። ብዙ ተማሪ ዘዴውን ጥሎ ወደ ሃይላይተሩ የሚመለሰው እዚህ ቦታ ላይ ስለሆነ አስቀድሞ ቢነገረው ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ትርጉም የለሽ ድምፆችን እያጠና ራሱን ሲፈትን ከአንድ ሰዓት በኋላ ከልፋቱ የቆየለት ከግማሽ በታች፣ ከአንድ ቀን በኋላ ሲሶ ገደማ ሆኖ አገኘው። መርሳት ስንፍና ሳይሆን የአእምሮ ልማድ ነው። መድኃኒቱ ሊረሳ ሲል መመለስ ነው። መቼ? በ2008 ሴፔዳና ባልደረቦቹ ከ1,350 በላይ ሰዎችን ፈትነው እንዳሳዩት፣ ፈተናው ከሳምንት በኋላ ከሆነ በአንድ ቀን ልዩነት መከለስ ጥሩ ነው፤ ከ35 ቀን በኋላ ከሆነ በ11 ቀን ገደማ፤ ዓመት ገደማ ከራቀ ደግሞ በሦስት ሳምንት ገደማ።

ይህን በገበያ ቀን አስቡት። ባቲ ሰኞ ይቆማል፤ ያንተ አገር ገበያ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ይሆናል። በመስከረም የተማርከውን በማግስቱ አንዴ ከራስህ አውጣው፣ በገበያው ቀን አንዴ፣ ከሦስተኛው ገበያ በኋላ አንዴ። በየጊዜው አሥር ደቂቃ። ሰኔ ላይ እንደ አዲስ የሚነበብ ተራራ አይቆይህም። ልክ በቀኑ መሆን የለበትም፤ ዋናው አንድ ሌሊት ስድስቴ ከማንበብ በስድስት ቀን አንድ አንዴ መታገል እንደሚሻል ማወቅ ነው።

ሒሳብ ለሚያጠና ደግሞ ሌላ አለ። ሮረርና ቴይለር በ2007 ተማሪዎችን የጠጣር ቅርጾችን ይዘት ሲያሠሩ፣ ገሚሱ አንዱን ዓይነት ጨርሶ ወደ ሌላው እንዲሄድ፣ ገሚሱ ደባልቆ እንዲሠራ አደረጉ። በልምምዱ ጊዜ ያልደባለቁት 89 በመቶ፣ የደባለቁት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን ያልደባለቁት 20፣ የደባለቁት 63። በምዕራፍ ተራ የሚሠራ ልጅ የትኛውን ቀመር እንደሚያወጣ ርዕሱ ይነግረዋል፤ ፈተና ግን ርዕስ አይጽፍም። ማሲንቆ የሚማር ልጅ ሳምንቱን ሙሉ የባቲን ቅኝት ብቻ ቢጫወት ባቲን ይችላል፤ አምባሰልና ትዝታ ተቀላቅለው ሲመጡበት ለይቶ ለመያዝ ግን ተቀላቅለው መለማመድ አለባቸው።

ሌሊቱ

ወደ በራችው መስኮት እንመለስ። ጄንኪንስና ዳለንባክ በ1924 ሁለት ተማሪዎችን አስጠንተው ሲያስተኟቸውና ሲያነቋቸው፣ ከስምንት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ያስታወሱት ከስምንት ሰዓት ንቃት በኋላ ካስታወሱት ብዙ በለጠ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው አብዛኛው ምርምር ይህንኑ ያጠናከረ ነው፦ ቀን የተማርነውን አእምሮ የሚያደላድለው ተኝተን ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የሚመከረው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን የሚያድር ልጅ ቀን የሰበሰበውን እህል ጎተራ ሳያስገባ ሜዳ ላይ የሚተው ነው።

እዚህ አገር ደግሞ ስለ ጫት ካልተነጋገርን ሙሉ አይሆንም። ለወዳጃ ጸሎትና ለዱዓ የሚቀመጠውን አልነካም፤ ያ የትልልቆች ነገር ነው። እኔ የምለው ለፈተና ብሎ የሚቅመውን ተማሪ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ምርቃናው ላይ ሁሉም ገጽ ብሩህ ነው፣ የማወቅ ስሜቱ ከስድስት ንባብም ይበልጣል። ልብ ምቱን ያስጨምራል፣ እንቅልፉን ይገፋል፣ በማግስቱ ልጁ ደብዝዞ ይነሳል። ማታለያ በማታለያ ላይ።

የፈተናው ጠዋት? በ2011 ራሚሬዝና ባይሎክ ተማሪዎች ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ፍርሃታቸውን ወረቀት ላይ ሲያራግፉ ውጤታቸው እንደተሻሻለ አሳትመው ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ ሌሎች ሲደግሙት ግን ያው ውጤት አልመጣም። የሚያስከፍለው ወረቀትና እስክሪብቶ ስለሆነ የሚቀለው ይሞክረው። እኔ ተስፋዬን የምጥለው ከወራት በፊት በተጀመረው ላይ ነው።

ዘዴ የማይሸፍነው

ይህን ሁሉ ጽፌ ችግሩ ሁሉ የተማሪው አጠናን እንደሆነ አድርጌ ብተወው ግፍ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ሲወድቁ ጥፋቱ የዘጠና አምስቱ ልጆች ስንፍና ነው የሚል ሰው አያስተምርም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ወንበርና መጽሐፍ ተዘርፏል፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደዋል። ቁስሉ ሳይሽር ሌላ ግጭት ተከተለ። መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈል ልጅ፣ ቁርስ ያልበላ ልጅ፣ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ያደረ ልጅ ነጭ ወረቀት ይዞ ቢታገል ከምንም ይሻለዋል፤ የጎደለውን ግን አይተካለትም። ጭንቀቱ ፈተና ካለፈም በኋላ የማይለቀው፣ ምግብና እንቅልፍ ለሳምንታት የነሳው፣ መኖር የሚያስጠላው ልጅ ካለ ደግሞ የሚያስፈልገው የጥናት ዘዴ ሳይሆን ሐኪም ነው። ጤና ጣቢያ መውሰድ ነውር የለውም።

መምህሩ ግን በእጁ ያለ ነገር አለ። ስድሳ ሰባ ልጅ በሞላበት ክፍል እንኳ፣ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር “ደብተር ዝጉ፤ ትናንት የተማርነውን ሦስት ነገር ጻፉ” ማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማርክ አይያዝም፣ አይሰበሰብም፣ ጓደኛ ለጓደኛው ያርማል። ማርክ ከተያዘበት ጥቅሙ ይበላሻል፤ ኩረጃና ፍርሃት ተያይዘው ይገባሉ። እኔም ለዓመታት “ድንገተኛ ኩዊዝ!” እያልኩ ልጅ ሳስደነግጥ ኖሬአለሁ፤ የርክስን አይጦች ያህል እንኳ አላዘንኩላቸውም።

ወላጅስ? ወላጅ ትምህርቱን ማወቅ የለበትም። ጎረቤቴ ማንበብ አይችሉም። ግን ማታ ማታ ቡና እየቆሉ “ዛሬ የተማርሽውን ንገሪኝ እስቲ” ይሏት ጀመር፤ ልጅቷ ስትደነቃቀፍ ሳይንሱን ሳያውቁ “እዚህ ጋ ዘለልሽ መሰለኝ” ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ሰው ሳይገባው ሲናገር ያስታውቃላ።

ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቡና ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ልጅቷ የሕዋስ መተንፈስን ለእናቷ እያስረዳች፣ ግሉኮሱን ሰብራ ሁለት ቦታ ከፍላው መሐል ላይ እንዳለች መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ “አይ!” አለ። እሷ አላቆመችም። ጨለማው ውስጥ ፍሙ ብቻ እየታየ ቀጠለች፣ አንዱን ደረጃ ተሻገረች፣ ሌላውን ተሻገረች፣ የመጨረሻው ላይ ስትደርስ “ቆይ፣ እዚህ ጋ ኦክስጅኑ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶብኛል” አለች። እናቷ ሻማ ፍለጋ ሲነሱ፣ “እማ፣ ለአንድ ገጽ ብቻ ነው” አለቻቸው።